በእኔ ስም አይገባም

የአክስቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ውጭ አገር ልትሄድ ነው። ትናንት አራት ኪሎ ማኪያቶ ጋበዘችኝና «እስኪ ምን ምን ልጠንቀቅ?» አለችኝ። ስለ ኪስ አውላቂ የምነግራት መስሏት ነበር። እኔ ትዝ ያሉኝ ግን አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ናቸው።

አስራ ሁለተኛን በጨረስኩ በዓመቱ ነው። እናቴ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የልብስ ሱቅ ነበራት። እግሯን ስትታመም ዕቃ እንዳመጣ ባንኮክ ላከችኝ። ሙቀቱ ፊት ላይ ይለጠፋል፤ ዝናቡ ሲጥል ደግሞ የእኛን ሐምሌ ካፊያ ያስብላል። ጾም ስለነበር የመንገድ ዳሩን ጥብስ በአፍንጫዬ ብቻ እየቀመስኩ በሩዝና በሙዝ ሰነበትኩ። ሰው አላመንኩም፣ ማንም አልነካኝም። ፍርሃቴ የለቀቀኝ ስመለስ፣ እዚያው ባንኮክ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ አማርኛ ስሰማ ነው።

እኚያ እናት እዚያ ነበሩ።

«የኔ ልጅ፣ ኪሎ ሞልቶብኝ ነው። ይቺን ሻንጣ በስምሽ አስገቢልኝ። የልጅ ልጆቼ ልብስ ናት።»

«ይክፈቱትና ልየው።»

«ቁልፉን ልጄ ይዞት ሄዷል።»

«እንግዲያው በእኔ ስም አይገባም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዱ ሰውዬ «ምናለበት? የአገርሽ ሰው አይደሉ?» አለ። እሳቸውም «አሳዳጊ የበደላት!» አሉኝ። ፊቴ ነደደ፤ ልቀበላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከኋላዬ የቆመችው፣ እዚያው ሰልፍ ላይ የተዋወቅኳት የስድስት ኪሎ ልጅ ቀደመችኝ። «ለእኔ ይስጡኝ እማማ።»

«ሳታዪው አትንኪው!» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ! ሰው ሁሉ ሌባ ነው እንዴ?» ሳቀችብኝ።

ሻንጣው በስሟ ተመዝኖ ገባ። አውሮፕላኑን ተቀምጠን ስንጠብቅ ፖሊሶች ይዘውት መጡ። ገበሩ ተቀዷል፤ ከሥሩ በላስቲክ የተጠቀለለ ዕፅ ነበረ። የሕፃን ልብሱም በእርግጥ አለ። «ያንቺ ነው?» አሏት። ዞር ብላ ነጠላውን ፈለገች። «እማማ! እማማ!» እያለች ተጣራች፤ ስማቸውን እንኳ አታውቅም። የሉም።

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ያየሁትን ተናገርኩ። ጻፉት፣ ግን አልለቀቋት። ሲወስዷት የአባቷን ስልክ ጮኻ ነገረችኝ፤ መዳፌ ላይ ጻፍኩት። ቦሌ እንደደረስኩ ደወልኩ። ወዲያው አነሱት።

«ደረስሽ፣ ልጄ?» አሉ።

የአክስቴ ልጅ «ከዚያስ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። ደጋግሜ ደወልኩ፤ በኋላ ስልኩን የሚያነሳው ጠፋ። እኔን ያተረፈኝ ክፉ አፌ ነው፤ እሷን ያስያዛት ታላቅን ማክበሯ። ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«ሰልፉ ሁሉ ይስደብሽ» አልኳት የአክስቴን ልጅ። «አንቺ ስድብሽን ይዘሽ ቤትሽ ግቢ።»