በበርሜል ውስጥ የቀረው የጀልባ ሞተር

ባለፈው ሳምንት ወደ ሥራ ስሄድ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ሮቤ መሃል አስፋልት ላይ ተንተፋትፋ ቆመች። ሹፌሩ ወርዶ ሞተሩን በብልጭታ የምታስነሳውን ካንዴላ ፈታና "እህቴ፣ አንዴ ያዢልኝ፣ ጨርቅ ላምጣ" ብሎ በወረቀት ጠቅልሎ መዳፌ ላይ አስቀመጣት። ሞቅ ያለች ነበረች። የተቃጠለ ቤንዚንና ዘይት ሽታዋ አፍንጫዬን ሲመታኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ልጁ ተመልሶ ፊቴን ሲያይ "አቃጠለችሽ እንዴ?" አለኝ። አዎ አልኩት። መንገድ ላይ ቆሜ ለባጃጅ ሹፌር ስለ ወንድሜ ላወራለት ነው?

ለአንተ ግን ልንገርህ፤ መቼም ጊዜ አለህ።

ያኔ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት እጠብቅ ነበር። ቤታችን ውስጥ እናቴ፣ ወንድሜና እኔ ብቻ ነበርን። ወንድሜ የመኪና ጥገና ተምሮ ሥራ ቢያጣ፣ ወደ አዳባ በሚወስደው መንገድ የኃይል ማመንጫ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ላይ ዓሣ ከሚያጠምዱ ወጣቶች ጋር ማህበር ገባ። ጀልባ ነበራቸው፤ ጉልበቱ ግን የክንድ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ መቅዘፊያ ምንም አያደርግም። መረብ የሚሞላው ደግሞ ሐይቁ መሃል ነው፤ እነሱ ዳር ዳሩን ሲዞሩ ይውሉና ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ከማህበሩ መጋዘን ጥግ አንድ አሮጌ የጀልባ ሞተር ተገኘ። "አንተ መካኒክ ነህ፣ አስነሳው" ተባለና በፒክአፕ ጭኖ ቤታችን አመጣው።

የጀልባ ሞተር ያለ ውሃ አይነሳም፣ ይቃጠላል። ስለዚህ ወንድሜ ግቢያችን ውስጥ በርሜል አቁሞ፣ እኔን ውሃ አስቀድቶ፣ ሞተሩን ከበርሜሉ ከንፈር ላይ አሰረው። ክረምት ነው፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ከአጥሩ ማዶ የስንዴው ማሳ ጠል አዝሎ ተኝቷል። ባህር አይቶ በማያውቅ ሰፈር የጀልባ ሞተር በርሜል ላይ ተሰቅሎ ሲታይ ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተንጠለጠለ። "በርሜሉን ይዞት እንዳይሄድ እሰሩት!" ይሉን ነበር። ወንድሜ ይስቃል። ሲስቅ ትከሻው ነበር የሚስቀው።

እናቴ ግን አትስቅም ነበር። አብሮ አደጎቹ በቦሳሶ ወደብ በኩል ባህሩን ተሻግረው አረብ አገር ገብተው ነበር፤ ያሻገራቸው ደላላ ለእሱም ይደውልለታል። እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ ለምናው የተስማሙት እንዲህ ብለው ነው።

"እማዬ፣ እስከ መስቀል ይህ ሞተር ተነስቶ ከሠራ የትም አልሄድም። ካልተነሳ ግን አትያዢኝ።"

"ይነሳል" አለች እናቴ። ስለ ሞተር የምታውቀው ነገር አልነበረም።

አሮጌዎቹ ካንዴላዎች አንዱ ተሰንጥቋል፣ ሌላው ብልጭታ የሚዘልበት ምላሱ ተበልቷል። ምትክ ፍለጋ ጎባ ወርደን አጣን፤ ሮቤ ገበያው ዳር መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ የጊኒር ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ፣ እሳቸው ዘንድ ሄድን።

"ኮቱ ኦቦሌሳ፣ ና ወንድሜ፣ ግቡ፣ ግቡ። የምን መኪና ነው?"

"የጀልባ ነው አባባ።"

"ጀልባ? ሮቤ ላይ?" ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ግን ሳጥናቸውን ገልብጠው ያላቸውን ካንዴላ ሁሉ ባንኮኒው ላይ ደረደሩልን። ወንድሜ አሮጌውን ከእያንዳንዱ ጎን እያቆመ የሚጠመዘዝበትን ጥርስ ያስተያያል። ረጅም ጥርስ ያለው ጠልቆ ገብቶ ፒስተኑን ይመታል፤ አጭር የሆነው ደግሞ እሳቱ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። በመጨረሻ ከሞተር ሳይክል ካንዴላዎቹ መሃል ልክክ ያሉ ጥንድ ተገኙ። "ረቢ ሃጋርጋሩ፣ ፈጣሪ ይርዳችሁ" ብለው ሽማግሌው በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡን።

ወንድሜ እሳቱ የሚዘልበትን ክፍተት የሚለካው በመጋዝ ስባሪ ነበር። ስባሪዋን ከምላሱ ሥር ያስገባል፤ ልል ከሆነች ምላሱን ድንጋይ ላይ በስሱ ቸብ፣ ከጠበቀች በቢላ ጫፍ ቀና። "ከሰፋ እሳቱ መዝለል ያቅተዋል፣ ከጠበበ ደግሞ ሰነፍ ይሆናል፤ ልክ እንዳንቺ" ይለኝ ነበር። እሳቱን ለማየት ደግሞ ጨለማ ያስፈልጋል። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንበን ሁለታችን ሞተሩ ላይ እንደፋለን፤ እኔ ካንዴላውን ከብረቱ አስጠግቼ በጨርቅ እይዛለሁ፣ እሱ ገመዱን ይስባል። ጣ! ሰማያዊ ብልጭታ። የጋቢው፣ የቤንዚኑና የላቡ ሽታ አንድ ላይ። አንዴ ነዘረኝና ጮህኩ። "እሰይ! ይሠራል ማለት ነው!" ብሎ ሳመኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው።

እውነትም ተነሳ። በርሜሉ ውስጥ ውሃው ተናጠ፣ ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው፣ ጎረቤት አጨበጨበ፣ እናቴ እልል አለች። ከዚያ ተንተፋተፈና ጠፋ። ካንዴላዎቹን ሲፈታቸው ጥቁርና እርጥብ ሆነዋል። ጠርጎ መለሳቸው፤ ተነሳ፣ ታፈነ። በማግስቱም እንዲሁ። ክፍተቱን አሰፋው፣ አጠበበው። የደጋው ቀጭን አየር ቤንዚኑን አላቃጥል ብሎት ይሆናል ብሎ ጠርጥሮ ይበልጥ የሚግሉ ካንዴላዎች ከሽማግሌው ዘንድ አመጣ። ለትንሽ ጊዜ ሠሩ፤ መልሰው ጠቆሩ። ይህ ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚጠጣው፤ ወንድሜ ከመሸ በኋላ በስኒ ለክቶ ጀሪካኑ ውስጥ ይጨምርና በረንዳ ላይ ያሳድረዋል። ዘይቱ በዝቶ ይሆን ብሎ መጠኑን ቀነሰ። ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። እየቀነሰ በሄደ ቁጥር ካንዴላው ይበልጥ ይርሳል። ይህን ማመን አቃተው።

"የተማርኩት ሁሉ ውሸት ነው ማለት ነው" አለኝ አንድ ቀን፣ የመጋዝ ስባሪዋን እጁ ላይ እያገላበጠ። ከዚያ ወዲያ ቀልዱም ቀረ።

የመስቀል ዕለት ደመራው ተለኩሶ አደይ አበባው ቤቱን ሞልቶት እያለ፣ ገመዱን ለመጨረሻ ጊዜ ሳበው። ተነሳ፣ አጨሰ፣ ጠፋ። አልተናደደም። እጁን በበርሜሉ ውሃ ታጠበና "እማዬ፣ ቃል ቃል ነው" አላት። እናቴ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች እንጂ አትሂድ አላለችም።

ከባህሩ ዳር አንዴ ደወለልን። ድምፁ በነፋስ እየተቆራረጠ ከእናቴ ጋር ተሰነባበተና እኔን ጠየቀ። "ጀልባዋን አየኋት" አለኝ። "ሞተሯ የኛኑ ትመስላለች፣ አሮጌ ናት። ካንዴላዋን ቼክ ላድርግላችሁ ብላቸው ሳቁብኝ።" "ተው አትሳፈር" አልኩት። "አይዞሽ፣ ይቺ ትነሳለች" አለኝ። ሌላ ድምፅ አልሰማንም። ያልጠየቅነው ሰው፣ ያልተሳልንበት ደጅ የለም። አሁን ጎረቤት ስሙን ሲያነሳ "ነበረ" ብሎ ይጀምርና እናቴን አይቶ ያርማል።

ባጃጇ ከቆመችበት ቀን ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልጠፋ ብሎኝ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ለእናቴ ነገርኳት። ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ማንም ያልጠየቃትን ነገር ተናገረች።

"እኔ እኮ ዘይቱን እጨምርለት ነበር።"

"የምን ዘይት?"

"የሞተሩን ነዋ። ማታ ማታ ሲተኛ እየተነሳሁ፣ ጀሪካኑ ውስጥ። ለዚያ ሁሉ ቤንዚን በስኒ ሲለካ አይቼ አንጀቴን በላው፤ ለእኛ ሲል ቆጥቦ ነው፣ ደርቆበት ነው የማይነሳው አልኩ። እየቀነሰ ሲሄድማ ጭራሽ አላስቻለኝም። እሱ ሲቀንስ እኔ ስጨምር። የዘይቱ ቆርቆሮ ሥር የቀረውን ግን ሰሰትኩ፤ እንዳያውቅብኝ ፈራሁ። እሱን ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ይነሳ ነበር፣ አይደል ልጄ? ልጄ አይሄድም ነበር።"

ካንዴላዎቹን ያጠቆረው ያ ዘይት ነበር። ልጇን ለማስቀረት በጨለማ እየተነሳች ያፈሰሰችው ዘይት ነው ልጇን የሸኘው። እንደ ወንድሜ ባልማርም ይህን ያህል አውቃለሁ። እሷ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት የሰሰተችውን እያሰበች ስትቃጠል ኖራለች፤ የሰጠችውን አንድም ቀን አልጠረጠረችውም። እጇን ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር።

ሆድ ይፍጀው አልኩ።

"አይነሳም ነበር እማዬ" አልኳት። "ቆርቆሮውን በሙሉ ብትገለብጪበትም አይነሳም። ሞተሩ አርጅቶ ነበር።"

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

በረጅሙ ተነፈሰችና "እንግዲያው ፈጣሪ ነው" አለች። ከዚያ ጋቢዋን ሰብስባ ተነሳችና ምሳ ልታቀርብ ገባች። መሶቡ ላይ ለሦስት ሰው ነበር ያዘጋጀችው።