ብሎኗ ላይ ያሰመርኳት ቀይ መስመር

ግራ ጆሮዬ ቀንም ሌሊትም ይጮኻል። ሐኪሟ፣ "ወይ ጠመንጃህ ላይ ድምፅ ማፈኛ ግጠም፣ ወይ መተኮሱን እርግፍ አድርገህ ተው" አለችኝ። ገጠምኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠመንጃው ሰላም ነሳኝ።

ጥይት ሲተኮስ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ቀለሃውን ያስተፋል፣ ቀጣዩን ጥይት ያጎርሳል። ማፈኛ ሲገጠም ግን ጋዙ ይበዛል፤ ጭሱ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ጥይቱም በቅጡ ሳይጎረስ ይቀረቀራል። ጋዙን የምትመጥን አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ቅዳሜ አስተካክላታለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጭሱ እንደገና ዓይኔ ውስጥ! ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ግሮቭፖርት ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ሳነሳ ከርሜ ያለችኝ መዝናኛ ይህችው የቅዳሜ ተኩስ ናት፤ እሷም ታቃጥለኝ ጀመር። ስፕሪንግ ቀየርኩ። ብሎኗን ከነማቀፊያዋ ቀየርኩ። በመጨረሻ ባለቤቴ፣ "በቃ፣ በዚህ ሳምንት ካልሠራልህ ሽጠው" አለችኝ።

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ግን አንድም ቀን አልሰለቹም። ድሮ በውትድርና የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ፤ አሁን ዌስተርቪል ከተማ እኛ ቤት ናቸው፣ መኪና አይነዱም። ቅዳሜ ስለ ብሎኗ እንዲያማክሩኝ ተኩስ መለማመጃው አብረውኝ ይሄዳሉ፤ እሁድ ከቸርች መልስ ጋራዥ ገብተው ጠመንጃውን ይወለውላሉ። "ይኼ የኔ ሥራ ነው" ካሉ ማን ይከለክላቸዋል?

ቢጨንቀኝ የባለቤቴን የጥፍር ቀለም ይዤ ሄድኩ። ቅዳሜ ብሎኗን አስተካክዬ ከእሷ እስከ ማቀፊያዋ ቀጭን ቀይ መስመር አሰመርኩ፤ በንዝረት ከዞረች መስመሩ ይሰበራል ብዬ ነው። ሠላሳ ጥይት ተኮስኩ፤ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ሰኞ ጋራዥ ገብቼ ሳየው ግን ተሰብሯል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

"ጋሼ፣ ብሎኗን ነክተዋታል?"

"አዎ፣ ሁሌም እኔ ነኝ የምከፍታት" አሉ ሳይደነግጡ። "ከተስተካከለችልህማ እኔን ለምን ብለህ ትወስደኛለህ?"

ተናደድኩ። ስንት ቅዳሜ ጭስ በላሁ፣ ስንት ዕቃ ቀያየርኩ! ልጮኽባቸው አሰኘኝ፤ አማት ላይ ግን አይጮኽም። ደግሞም በዚያ ሁሉ የቅዳሜ መንገድ መኪና ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው ከዚህች ብሎን በቀር ያወራኋቸው ነገር እንደሌለ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

"ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ተዘጋጅተው ይጠብቁኝ" አልኳቸው፣ ንዴቴ ሳይበርድ። "ብሎኗን ግን እንዳይነኳት።"