ለልጄ ዲግሪ የጎደለው መሣሪያ

ዛሬ ልጄን «አትመረቂም» አሏት፤ ጠላው ከተጠመቀ፣ ዘመድ ከተጠራ በኋላ።

የተማረችው ፊዚክስ ነው። አንድም ትምህርት አልወደቀችም። የጎደላት አንድ የላቦራቶሪ ኮርስ ነው፤ እሱንም ያልወሰደችው የዩኒቨርሲቲው መሣሪያ ተበላሽቶ ስለከረመ ነው።

ልወስዳት ከአገራችን ከብልባላ መጥቼ ነበርና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ አብሬያት ገባሁ። ልጅ እግር ነው፤ ተነስቶ ወንበር ለቀቀልኝ፤ በዚህ አላማውም።

«የኔ ልጅ፣ እኛ ዘንድ መሪጌታው ተማሪውን ፊታቸው አቁመው ይጠይቁታል፤ ካወቀ መርቀው ያሰናብቱታል። አንተም እዚሁ ጠይቃት» አልሁት።

«አባቴ፣ በእጇ ሠርታ ካላሳየች ሕጉ ዲግሪ አይፈቅድላትም» አለኝ።

«በምኑ ትሥራው?»

«መሣሪያው ሲጠገን ትሠራለች።»

«መቼ ይጠገናል?»

ልጄ «አባየ፣ በቃ እንሂድ» ብላ ጋቢየን ጎተተች።

ሕጉን አልነቅፍም፤ በእጅ ያልሠሩት ሙያ ሙያ አይደለም። ግን ጉድለቱ የእነሱ ሆኖ ቅጣቱ የእሷ የሚሆነው በየት አገር ፍርድ ነው?

ጠላውን አልደፋም። እሑድ እናቷ ሳትሞት ያሰፋችላትን ቀሚስ ትለብሳለች፤ የደብራችን መሪጌታም ዘመድ በተሰበሰበበት ፊታቸው አቁመው ይጠይቋታል። ፊዚክሱን ባያውቁትም፣ ያወቀ ተማሪን ከአነጋገሩ ይለያሉ።

ከእናንተስ መካከል በሌላ ሰው ጉድለት ልጁ ሳይመረቅ የቀረበት አለ? ጻፉልኝ፤ ቀስ ብየም ቢሆን አነበዋለሁ።