የሰው አገር ወለድና የእኛ ኮምባይነር

አባቴ በሕይወታቸው ወለድ ከፍለው አያውቁም፤ ተቀብለውም አያውቁም። ሐራም ነው፣ አለቀ። ስለዚህ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ለመግዛት ስናስብ የሄድነው ባንክ ውስጥ ከወለድ ነፃ ወደሚባለው ክፍል ነበር። ባንኩ ማሽኑን ከውጭ አስመጥቶ ትርፉን ጨምሮ ይሸጥልናል፤ እኛ ቀስ እያልን እንከፍላለን።

ኮምባይነሩ ለጌጥ አልነበረም። አምና የምንከራየው ማሽን በቆጂ በኩል ሲያጭድ ቆይቶ ተራችን ሳይደርስ ዝናብ መጣና ስንዴያችን እንደቆመ በቀለ። ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ አባቴ መሬታቸውን አከራይተው አሰላ እኔ ጋ ሊቀመጡ ነው። እሳቸውን ከተማ ማስቀመጥ ማለት በቁም መቅበር ነው።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጨዋ ሰው ነው። "አባባ፣ አይቀየሙኝ፤ ውጭ አገር ወለድ ጨምሯል" አላቸው።

አባቴ ሳቁ። "እኛ ወለድ አንበላ፤ የሰው አገር ወለድ እኛን በምን አፉ ይበላናል?"

"ማሽኑ የሚገዛው በዶላር ነው። ዶላሩን የሚያበድረን የውጭ ባንክ ነው። እዚያ ገንዘብ ሲወደድ ለእኛ የሚሰጡትን ይቀንሳሉ፣ ያንንም ያስወድዱብናል። እኛም ለእናንተ እንቀንሳለን። ክፍሉ ቢለይም ዶላሩ አንድ ነው። ማሽኑ ለዘንድሮ አጨዳ አይደርስም።"

እኔ ደሜ ፈላ። ባሕር ማዶ የማላውቀው ሰው ስብሰባ ላይ ወለድ ይጨመር ብሎ እጁን ስላወጣ የአባቴ ስንዴ ሊበላሽ? አይደረግም።

መካኒክ ነኝ፤ አሰላ ካለው ጋራዤ ጀርባ የአንድ ነጋዴ አሮጌ ኮምባይነር ቆሞ ነበር፤ መለዋወጫው ከውጭ ስለሚመጣ ተስፋ ቆርጦበታል። አባቴን ይዤ እስከ ጢቾ ድረስ ገበሬ ቤት ዞርኩ። "የዘንድሮን የማጨጃ ኪራይ አሁን ስጡን፣ አሮጌ ማሽን ገዝተን ጠግነን ዝናብ ሳይቀድማችሁ እናጭዳለን" አልናቸው። ተራ በመጠበቅ ያልተቃጠለ የለምና ሰጡን። አንድ ሽማግሌ ብቻ "ባይነሳስ?" አሉኝ።

"እኔን ጠምደው ያርሱብኛል" አልኳቸው።

ማሽኑን ገዛን። የተሰበረውን ዘንግ ከአሮጌ የጭነት መኪና ብረት አስቀረጽኩ። ደጋግሞ ተሰበረ፣ ደጋግሜ ተሳደብኩ፣ በመጨረሻ ያዘ። ሲነሳ ጋራዡ ሙሉ ጨፈረ፤ እኔማ አለቀስኩ።

የሰዎቹን አጭደን የራሳችንን መጨረሻ አደረግን። "ገንዘባቸውን ተቀብለን የእኛን አናስቀድምም" ብለው አባቴ እንቢ አሉ። የእኛ ተራ በደረሰበት ቀን በጭላሎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። የመጨረሻው ጆንያ ጎተራ ሲገባ ዝናቡ ወረደ። አባቴ ባዶው ማሳ መሃል ቆመው ቀሩ።

"ይግቡ እንጂ አባዬ፣ በሰበሱ እኮ!"

"እኔ ልበስብስ" አሉ እየሳቁ፤ "ስንዴዬ ገብቷል።"