ሦስት ሰው የሚይዝ ጋቢና

መኪናን ለመታየት የሚገዛ ሰው አልወድም። ልጆቼንም ይህንኑ እየነገርኩ ነው ያሳደግኋቸው። አሶሳ ያለው መኪና መሸጫ ግቢ የሄድኩትም በቆሎዬን የምጭንበት ፒካፕ ፈልጌ ነው። መንጃ ፈቃድ ስለሌለኝ ባምባሲ የምታስተምረውን ሴት ልጄን አስከተልኩ።

ደላላው የፒካፑን በር ከፍቶ መቀመጫውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ጋሼ፣ ጠጋ ጠጋ ካላችሁ ከሾፌሩ ሌላ ሦስት ሰው ይይዛል።»

ልጄ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ።

ከዓመታት በፊት ግጭት ሸሽተን ከቡለን የወጣን ዕለት፣ ያገኘነው የጭነት መኪና ሾፌር ያለን ይህንኑ ነበር። ከላይ እስከ ጫፉ ተጭኗል፤ ጋቢናው ግን ሦስት ሰው ይይዛል አለ። ባለቤቴ ትንሹን ታቅፋ ገባች። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ ገባ። እኔ ገባሁ። ይህችን ልጄን፣ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመቷን፣ ለጎረቤታችን ሰጠኋት። እናቷ ስታለቅስ ተቆጣኋት። ልጅቷን በሕይወት ያገኘናት ከሃያ ቀን በኋላ ነው። እግዚአብሔር እንዴት እንደጠበቃት ጉባኤ ፊት እየቆምኩ ስንት ጊዜ መስክሬአለሁ።

«ይሄ ይቅርብኝ» አልኩት ደላላውን። ዛፉ ሥር የቆመችውን ግራጫ የቤት መኪና አሳየሁት። መካከለኛ ናት፤ የኋላ ወንበሯ ሰፊ ነው።

ደላላው ሳቀ። «ጋሼ፣ በቆሎውን ሊያንሸራሽሩት ነው እንዴ?»

«አባዬ፣ ምን ነካህ?» አለች ልጄ።

«ቤተሰቡን በሙሉ ትይዛለች።»

ደላላው መታወቂያዬን ይዞ ቁልፉን ሰጠን። ልጄ በባምባሲ መንገድ ነዳችው። ከከተማው ስንወጣ ለዓመታት ያፈንኩትን ተናገርኩ።

«ያን ቀን ወንድምሽን ያስቀደምኩት ወንድ ስለሆነ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። በድዬሻለሁ።»

ማርሽ ቀየረች። ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም።

«በወንድሜ አታሳብብ፤ እሱም ልጅ ነበር» አለች። «እማዬ አንድ፣ ወንድሜ ሁለት። ሦስተኛው ማን ነበር?»

ራሴን ከተሳፋሪ ቆጥሬ አላውቅም ነበር። እኔ አባት ነኝ፤ የምመራ ነኝ፤ መቀመጤ እንደ ሾፌሩ መቀመጥ ግድ ይመስለኝ ነበር። ወርጄ ከእሷ ጋር መቅረት እችል ነበር። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም።

«በሩ ሲዘጋ አይቼሃለሁ» አለች። «ከውስጥ የዘጋኸው አንተ ነህ።»

መኪናዋን ገዛኋት። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ለቤተሰቤ አስቤ ከፒካፕ ይልቅ እሷን መምረጤን አደነቁልኝ። በመጀመሪያው እሑድ ልጄ ሁላችንንም ይዛን ቤተ ክርስቲያን ሄደች። መጋቢው የሚመሰክር ካለ ይነሣ ሲል አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በክርኑ ጎሰም አደረገኝ፤ ስለ መኪናዋ እንዳመሰግን ነው። ሐሰት አትናገሩ እያልኩ ልጆቼን በአርጩሜ የገረፍኩ ሰው ነኝ። ልጄ ከሴቶቹ ወንበር ትመለከተኝ ነበር።

አልተነሣሁም።

ስንመለስ ከጎኗ ተቀመጥኩ። እስከ ቤት ድረስ «ነዳጅ ሊያልቅ ነው» ከማለት በቀር አላናገረችኝም።