ከጎጆ እስከ አምቦ፣ በሰው ትከሻ

ሰኞ

ከአዲስ አበባ የተነሣነው ጧት በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ነው፤ እኔና ሾፌሩ አቶ ከበደ። የተላክሁበት ጉዳይ ጥናት ይባላል፦ በምዕራብ ሸዋ የታመመ ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ሐኪም ቤት እስኪደርስ ምን እንደሚያገኘው ጠይቆ መመዝገብ። አለቃዬ መልሱን አስቀድሞ አውቆታል። “ገዳያቸው ቃሬዛ ነው፤ በመኪና ቢመጡ ይድኑ ነበር። ይህን አጣርተህ ና” ብሎኛል። እኔም ጥቂት ዓመት በድሬሰርነት ቁስል ሳጥብ ኖሬ ቢሮ የገባሁ ሰው ነኝና ነገሩ ትክክል መሰለኝ።

ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፈን ለምሳ አምቦ ገባን። ከጥብሱ በኋላ ሐኪም ቤቱ ሄጄ ተረኛውን ድሬሰር ስለ በሽተኞቹ ብጠይቀው ሳቀብኝ።

“የደረሱትን እኔ ልነግርህ እችላለሁ” አለ። “ያልደረሱትን ግን ጎጆ ከተማ ወጥተህ ጠይቅ።”

ማክሰኞ

ከዋናው መንገድ ወደ ሰሜን ታጥፈን ወደ ጎጆ ወጣን። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ መኪናው ከመሄድ መንሸራተት አበዛ። አቶ ከበደ መሪውን ጨብጦ “ይህን መንገድ ብለው የጠሩት በሬ ጠምደው ያረሱት ናቸው” ይላል። ግራና ቀኙ ገብስና ድንች ነው፤ ብርዱ ደግሞ ካፖርት ዘልቆ ይገባል። ከተማዋ ደርሰን ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በላን፤ ከዚያ የጥናቱን ቅጽ ይዤ ቤት ለቤት እየዞርሁ ስጠይቅ ዋልሁ። “ለመዘግየቱ ምክንያት” በሚለው መስመር ላይ በየቅጹ “ቃሬዛ” እያልሁ ሞላሁ። አንዳንዱን እንዲያውም ሰውዬው ተናግሮ ሳይጨርስ ነው የሞላሁት።

ረቡዕ

ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ደረስንባቸው። የተኛው ለማ የሚባል ገበሬ ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ግንዱ ጭኑ ላይ ወድቆ ሰብሮታል። ወጌሻው ከብብቱ እስከ ተረከዙ በረጃጅም ቀርከሃ አጥብቆ አስሮታል። ታላቅ ወንድሙ ኦቦ ገመቹ፣ ሽበታም ሰው፣ ከጎኑ ይሄዳሉ።

“አካም ቡልተን” ብዬ ሰላምታ ሰጠሁና በሽተኛውን በመኪና እንደምወስደው ነገርኋቸው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጥናቴ በእጄ ሊፈጸም ነው። ችግሩ ቀርከሃው ረዝሞ በሩ አልዘጋ አለ። ፍቱት አልሁ።

“ጌታዬ፣ ወጌሻው ሐኪም ቤት ሳይደርስ እንዳይፈታ ብሏል” አሉ ኦቦ ገመቹ።

“እኔም የሐኪም ቤት ሰው ነኝ።”

ከበሩ ፈቀቅ አሉ። የፈታሁትም እኔ ነኝ፤ በሽተኛውን አጣጥፌ ከኋላ ወንበር ያስቀመጥሁትም እኔ ነኝ። ሰዎቹን ከኋላ ትተን ተነሣን፤ ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ለማ ጮኸ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ጠፋ። ዞር ብዬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል፣ ጭኑም እያበጠ ነው። የተሰበረ አጥንት ሲናጥ ውስጥ ውስጡን ደም እንደሚያፈስስ ድሬሰር ሳለሁ ተምሬው ነበር። ቢሮ ስገባ ከነጋውኔ አውልቄ ትቼው ኖሯል።

“ቁም!” አልሁት ከበደን። ወርጄ መንገዱ ላይ ቆምሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ አፍሬ አላውቅም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ብዙም ሳይቆይ ሰዎቹ ባዶውን ቃሬዛ ይዘው ሲሮጡ ደረሱ። ኦቦ ገመቹ ቀርከሃውን ከብብታቸው አውጥተው ሰጡኝ። አልጣሉትም ነበር። አልተቆጡኝም፤ “እንግዲህ የፈቱት እርስዎ ነዎት፣ ይሰሩት” ብቻ አሉ። ሸሚዜን ቀድጄ እንደነበረው አሰርሁት።

ከዚያ ወዲያ በእግሬ ተከተልሁ። የዚያ አገር ሰው ቃሬዛ ሲያገኝ ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ገበያ የሚሄደው ሸክሙን አውርዶ፣ አህያ የሚነዳው አህዮቹን ለባልንጀራው ትቶ ትከሻውን ያስገባል። ጥቂት ተሸክሞ ለሌላው ያስረክብና ወደ መንገዱ ይመለሳል። አንዱ ከፊት እየሄደ “ሱታ፣ ሱታ” ይላል፤ ቀስ፣ ቀስ ማለቱ ነው። እርምጃቸው አንድ ስለሆነ ለማ አልተናወጠም። አንድ ሰው ክንዴን ነካ አድርጎ “ተራዎ ነው” አለኝ። እኔም ገባሁ።

ዋናው መንገድ ላይ ከበደ ቀድሞን ደርሶ፣ በቆሎ አራግፎ ወደ ባኮ የሚመለስ የጭነት መኪና አስቁሞ ጠበቀን። ቃሬዛውን እንዳለ ባዶ ጆንያ ላይ አጋደምነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አምቦ ገባን።

ሐኪሙ ማሰሪያውን አይቶ፣ “መጀመሪያ ታስሮ የተፈታ ይመስላል። ማነው የፈታው?” አለ።

ኦቦ ገመቹ መሬት መሬት ያያሉ። “እኔ ነኝ” አልሁ።

ሐሙስ

ለማ በሕይወት አደረ። እግሩ ግን ሊያጥር ይችላል ተባለ። ስሰናበተው እጄን ያዘና፣ “ትከሻዎ እንዴት አደረ?” ብሎ ጠየቀኝ።

ዓርብ፣ ቤቴ

ባለቤቴ የተላጠ ትከሻዬን በቅባት እያሸች ምን ተሸክመህ ነው ትለኛለች። ለአለቃዬ የምጽፈው ታውቆኛል፦ መኪና ከመላካችን በፊት ወጌሻውን እንጠይቅ፣ የምንልከውም መኪና ቃሬዛ እንዳለ የሚያስገባ ይሁን። የጎጆ ከተማ ሰዎችን ቅጾች አውጥቼ “ቃሬዛ” ያልሁትን አንድ በአንድ ሰረዝሁ፤ ሰዎቹን እንደገና ሄጄ መጠየቅ አለብኝ። ገና ያልሞላሁት የለማ ቅጽ ብቻ ቀረ። “ለመዘግየቱ ምክንያት” በሚለው መስመር ላይ ብዙ ካሰብሁ በኋላ እንዲህ ጻፍሁ፦

“ይህን ቅጽ የሞላው ሰው።”