ውድነሽ የተባለችው እህቴ

ወደ ልጅነቴ የመለሰኝ የጥፊ ድምፅ ነው። ከመንግሥት ሥራ በጡረታ በተሰናበትኩ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጅ ሥራውን ለሕዝብ ከማቅረቡ በፊት ሴቶችና ወንዶች በድራማው እንዴት እንደተሣሉ አስተያየት የሚሰጡ በዕድሜ የገፉ ተመልካቾች ይፈልጋል ተብሎ በሰፈሬ ሰዎች በኩል ተጠራሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብና ማኅደር ክፍል ሠርቼ አንድም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያልደረሰኝ ሴት ነኝና፣ ደብተሬን በሦስት ዓምድ አስምሬ፣ መነጽሬን ወልውዬ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። ገና በመጀመሪያው ክፍል ባልየው ሚስቱን በጥፊ አላት። አጠገቤ የነበሩ ሰው «ይበላት!» ብለው ሳቁ። ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ፤ በአስተያየት ቅጹ ላይ ልጽፈው ያልቻልኩትን እዚህ እጽፋለሁ።

ቤታችን ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል በሚወርደው መንገድ፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ የቆርቆሮ በር በሚገባበት ግቢ ውስጥ ነበር። አባቴ አቶ በላይነህ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ኮቱን ቦርሾ፣ ሁለት ብዕር ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ በእግሩ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር፤ ከእጁ የጠፋ መዝገብ እንደሌለ እኛ ልጆቹ በቃላችን እናውቅ ነበር። ታላቅ እህቴ ጽጌ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እኔ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። መስከረም ላይ፣ ትምህርት ቤት በነበረችበት ጊዜ በድራማ ክበብ ያዩዋት ሰዎች ፈልገው መጥተው፣ በአራት ክፍል ለሚቀርብ የቴሌቪዥን ድራማ መረጧት። አባቴ «ትምህርት ሰጪ ነው» መባሉን ሰምቶ፣ የፈቃዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብቦ ፈረመ፤ ፈርሞም አላበቃም፣ ልጁን በቤቱ ተቀምጦ ለማየት ብሎ በግቢያችን የመጀመሪያውን ቴሌቪዥን ገዛ፤ እናቴም ለቴሌቪዥኑ የዳንቴል ልብስ ሠርታ አለበሰችው።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቀን ጽጌ ከቀረጻ ስትመለስ ግራ ጉንጯ አብጦ፣ የአራት ጣት ሰንበር ወጥቶበት ነበር። አባቴ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ማነው የመታሽ?»

«ድራማው ነው አባባ። ግርማ ነው፣ ባሌን ሆኖ የሚሠራው። ጥፊው የውሸት እንዳይመስል ብለው ሦስት ጊዜ አስደገሙት።»

አባቴ ኮቱን አንሥቶ ለክስ ሊሄድ ሲል እናቴ በሩ ላይ ቆማ ለመነችው፤ ጽጌ ደግሞ ያበጠ ጉንጯን ይዛ ትስቅ ነበር። ያን ዕለት አባቴን እንደወደድኩት ከዚያ በኋላ ወድጄው አላውቅም።

ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ድራማው ይታይ ጀመር። አባቴ የግቢውን ሰው ሁሉ በየቤቱ ዞሮ ጠርቶ ነበርና፣ ሰው በአግዳሚ ወንበር፣ በዱካ፣ በመሬትም ተቀምጦ ቤቱ ይሞላ ነበር። ከተጠሩት ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ፣ መጀመሪያ የሚያልፈውን የተዋንያን ስም ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ጽሑፉ ሳያልፍ ሳልሳሳት በመጨረሴም እኮራ ነበር። «ውድነሽን ሆና፣ ጽጌ በላይነህ!» ስል ቤቱ ያጨበጭብ ነበር፤ አባቴም ሰው ሁሉ እንዲያየው ቀስ ብሎ ተነሥቶ እንደገና ይቀመጥ ነበር።

በመጀመሪያው ክፍል ውድነሽ የታመመ ባሏን የምታስታምም መልካም ሚስት ነበረች። በሁለተኛው ክፍል ባሏንና ልጇን ጥላ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር ሄደች። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። በሦስተኛው ክፍል ውድነሽ መጠጥ ቤት ከፍታ፣ ከንፈሯን ተቀብታ፣ ወንድ ጭን ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ቤታችንን የሞላው ሰው ሁሉ ዞሮ አባቴን አየ። የጋበዘው ራሱ ነበርና በቀጣዩ እሑድ አትምጡ ማለት አልቻለም። ይልቅ ወደ ጓዳ ጠርቶኝ፣ «ስሙን ስታነቢ ጽጌ ብለሽ አቁሚ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አታንብቢ» አለኝ። እሺ አልኩ። ሰው ተሰብስቦ ጽሑፉ ማለፍ ሲጀምር ግን፣ ከፊቴ የተጻፈን ነገር በግማሽ መተው ከየት ይምጣልኝ፣ እንዳለ አነበብኩት። ከኋላ አንድ ወንድ «የማን ልጅ አልሽ?» ብሎ ጠየቀ። ሳቁ። እኔም ደገምኩለት።

በዚያ ቀን ባልየው ከሕመሙ ድኖ መጠጥ ቤቱ ድረስ መጥቶ በሰካራሞቹ ፊት በጥፊ አጮላት፤ እርሷም ወድቃ ጫማውን ያዘች። ቤታችን በጭብጨባ ተናወጠ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች እልል አሉ። ጽጌ ከበሩ ሥር፣ ከእናቴ አጠገብ ቆማ ነበር። አባቴ ዐይኑን ከቴሌቪዥኑ መስኮት ሳያነሣ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣

«ሲያንሳት ነው» አለ።

ከዚያ ወዲያ በጋው ሁሉ የእርሷ መከራ ሆነ። ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ልጆች ከኋላዋ «ውድነሽ፣ አንድ ብርሌ ቅጂ!» «ውድነሽ፣ ባልሽ መጣልሽ!» እያሉ ይከተሏት ነበር፤ እኔም ከእርሷ ጋር እንዳልቆጠር ሮጬ ቀድሜ ቤት እገባ ነበር። እትዬ ዘነበች በክፉ ልብ ሳይሆን በእውነተኛ ሐዘን እጇን ይዘው ያስጨንቋት ነበር።

«እንዲያው ልጄ፣ ያንን የታመመ ሰው ጥለሽ ስትሄጂ አንጀትሽ እንዴት ቻለ?»

«እትዬ፣ ድራማ እኮ ነው። የሰጡኝን ነው ያልኩት።»

«ይሁን ድራማ። ውስጥሽ ከሌለ ያ ሳቅ ከየት መጣ ታዲያ?»

ግርማን ግን ሰው እንዲህ አልጠየቀውም። ጌጃ ሰፈር በአንድ እንጨት ቤት የሚሠራ አናጢ ነበር፤ በሄደበት ጠጅ ቤት ሁሉ «እጅህ ይባረክ!» እየተባለ ያለ ሂሳብ ይጠጣ እንደነበር ራሱ ነገረን። የነገረን ጥምቀት ሲያልፍ፣ ይቅርታ ሊጠይቅ ቤታችን የመጣ ዕለት ነው። አባቴ በሩ ላይ ተቀብሎ ከራሱ ወንበር አጠገብ አስቀመጠው፤ ጽጌንም ጠርቶ ጠላ እንድትቀዳለት አዘዘ።

«ጋሼ በላይነህ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ለእርሷ...» አለ ግርማ።

«ጠጣ ልጄ። አንተ ምን አጠፋህ?»

ጽጌ ብርጭቆውን ሞልታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ አቀረበችለት። ግርማ ቀና ብሎ አላያትም። አባቴ ብርጭቆው በጎደለ ቁጥር ይጠራት ነበር፤ አራት ጊዜ ጠራት፣ አራት ጊዜ ቀዳች። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ደጃችን አልደረሰም።

ጾሙ አልፎ፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ከዓመት በፊት ለአንድ አስተማሪ ጽጌን ለምነው እሺ የተባሉት እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አሁን የመጡት ቃሉን ሊመልሱ ነው። ትልቁ ሽማግሌ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ «ልጁ ልጅቷን አልጠላም። ነገር ግን ተማሪዎቹ በክፍል ውስጥ የውድነሽ ባል እያሉ አላስተምር አሉት። በላይነህ፣ አንተም የሕግ ቤት ሰው ነህ፣ ይገባሃል» አለ። አባቴ እንደሚገባው ተናገረ፤ እስከ በሩም ሸኛቸው። ጽጌ ጓዳ ውስጥ ሆና ሁሉን ትሰማ ነበር፤ የሠርጓን መጋረጃ የምትጠልፍበትን መርፌና ክር በጥንቃቄ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ስትከት አየኋት፤ አላለቀሰችም።

ግንቦት ላይ የድራማው ሰዎች ተመልሰው መጡ። አዲስ ሥራ ነበራቸው፤ ለጽጌ ያሰቡላትም ሌላ መጠጥ ቤት ያላት ሴት ነበረች። «ይዋጣላታል» አሉ። አባቴ በትሕትና ሸኝቷቸው ሲመለስ ልጁን ፊቱ አቆማት።

«ሁለት ነገር ነው ያለሽ። ወይ ይህን ሥራ ትተያለሽ፣ ወይ ስሜን ትተያለሽ። የእኔ ስም ከእንግዲህ ከሴተኛ አዳሪ ኋላ አይነበብም።»

እናቴ «ኧረ አንቱ፣ ልጅዎ ናት!» አለች። ጽጌ እንደ ውድነሽ እግሩ ላይ ትወድቃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እርሱም የጠበቀ ይመስለኛል።

«ስሙን ልተወው አባባ» አለች።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አባቴ በሚያውቀው ሙያ ሥራውን ጀመረ። ፍርድ ቤት ክረምት ላይ ስለሚዘጋ መቸኮል ነበረበት። ስም ለመቀየር ምክንያት ያስፈልጋልና፣ ምክንያቱን ራሱ አገኘ፤ ጽጌ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያደገችው በሟቹ የእናቴ ወንድም በተሰማ ቤት ስለሆነ፣ ባሳደጋት ሰው ስም መጠራት ትፈልጋለች የሚል። አጎቴ ተሰማ ያገባም የወለደም ሰው አልነበረም፤ ከሞተም ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። አባቴ ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ወረቀት ዘርግቶ እኔን ጠራኝ። «አንቺ የተጻፈውን እንዳለ የምታነቢ ልጅ ነሽ። በይ እኔ የምልሽን ደግሞ እንዳለ ጻፊ።» ጻፍኩ። ከመስመር ሳይወጣ፣ አንድም ስርዝ ሳይኖረው ጨረስኩት፤ አባቴ ራሴን ዳሰሰኝ። በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያው የመንግሥት ማመልከቻ ይህ ነው፤ ዛሬም ሳስታውሰው በእጅ ጽሑፌ ማፈር አልቻልኩም።

ለምስክርነት የተመረጡት እትዬ ዘነበችና የግቢያችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። በሐምሌ መጀመሪያ እሑድ፣ ድራማው ይታይ በነበረበት ሰዓት፣ ቴሌቪዥኑ በዳንቴሉ እንደተሸፈነ፣ አባቴ ዳኛ ሆኖ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ምስክሮቹን ያለማምዳቸው ጀመር።

«ምስክር፣ አመልካቿን ያውቋታል?»

«አውቃታለሁ እንጂ! እዚሁ ግቢ በእኔ ጀርባ ታዝላ ያደገች...» አሉ እትዬ ዘነበች።

«አይባልም! አጎቷ ዘንድ ነው ያደገችው።»

«ውይ፣ ረስቼው። አንድ ጊዜ እንደገና እንበለው?»

እንደገና አሉት፤ እንደገና ተሳሳቱ። በሦስተኛው ጽጌ ከጥጉ ተነሥታ መጣችና ከፊታቸው በርከክ አለች። «እትዬ፣ መሬት መሬት አይዩ፣ ያስታውቅብዎታል። ቀና ብለው ዳኛውን ይዩት። አጎቷ ከማለትዎ በፊት ትንሽ ዝም ይበሉ፣ እንደሚያስታውስ ሰው።» እትዬ ዘነበች ቀና አሉ፤ አባቴን አዩት፤ ትንሽ ዝም አሉና፣ «አጎቷ ቤት ነው ያደገችው። እዚህ ቤት አይቻት አላውቅም» አሉ። እኔ ራሴ ላምናቸው ምንም አልቀረኝም። አባቴ «እንዲህ ነው» አለ፤ በልጁ የትወና ችሎታ ሲደሰት ያየሁት ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ በዚያ ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ ያ ግቢ ፈርሶ በቦታው ፎቅ ቆሟል፤ በየቤቱ ቴሌቪዥን አለ፣ ማንም ለማንም ስም አያነብም። በድራማ ውስጥ ሴት ዳኛ ትሆናለች፣ መሐንዲስ ትሆናለች፣ የድራማ ተዋናይት ልጅ ያለው አባትም ፎቶዋን ሳሎኑ ላይ ይሰቅላል፤ ይህን መልካም ነገር ሳልመዘግብ ማለፍ ከልማዴ ውጭ ነው። ነገር ግን ሴት ስትመታ ሰው ዛሬም ይስቃል፣ የመታትም በመጨረሻው ክፍል ዛሬም ይቅር ይባላል። ጽጌ እስክትሞት ድረስ በብዙ ድራማ ሠራች፤ ባል ነጣቂ፣ የእንጀራ እናት፣ መጠጥ ሻጭ ሆነች፤ ልጇን የምታሳድግ እናት ሆና እንድትጫወት የመረጣት ሰው አልነበረም። እኔ በአባቴ ስም ተምሬ፣ በአባቴ ስም ተቀጥሬ፣ በአባቴ ስም ጡረታ ወጣሁ።

ችሎቱ ላይ ምስክሮቹ አንድም ቃል አልተሳሳቱም። ዳኛው ማመልከቻውን የጻፈው ማን እንደሆነ ጠይቀው፣ ጽሑፉ ንጹሕ መሆኑን አመሰገኑ። አመልካች ጽጌ በላይነህ ከእንግዲህ ጽጌ ተሰማ ተብላ እንድትጠራ ተወሰነ፤ ጉዳዩ እልባት ስላገኘ መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት እንዲመለስ ታዘዘ። መዝገቡንም የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ አቶ በላይነህ ፈርሞ ተረከበ፤ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ሲል፣ ሐምሌ ሃያ ዘጠኝ ቀን።